አንዳንዴ ብቻ የማትነሳ መኪና

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ ወይም አሮጌ መኪናውን የሙጥኝ ያለ አባት ያላችሁ ሰዎች በተለይ አንብቡት፤ ምናልባት አንድ ባትሪ ከመግዛት ያድናችሁ ይሆናል።

ጭራሽ አልነሳ ያለች መኪና ችግሯ ቀላል ነው። መካኒክ ይመጣል፣ ይነካካል፣ ያገኘዋል፣ ትነሳለች። መከራው አንዳንዴ ብቻ የማትነሳዋ ናት። ጠዋት ገና ቁልፉን ስትነኩት ትነሳለች። ከሰዓት ዳቦ ልትገዙ አቁማችሁ ስትመለሱ ዝም። መካኒክ ጠርታችሁ እስኪደርስ ደግሞ ትነሳለች፤ እሱም "ምንም የላትም" ብሎ የመጣበትን ተቀብሎ ይሄዳል። በሁለተኛው ሳምንት ሰው እናንተን ራሳችሁን መጠራጠር ይጀምራል።

የእኛዋ ቮልስ ናት። እ.ኤ.አ. የ1973 ስሪት ስትሆን አባቴ በ1977 ዓ.ም ከአንድ የሥራ ባልደረባው ገዛት። አራታችንንም ትምህርት ቤት አመላልሳናለች። እናቴ የመጨረሻውን ወንድማችንን ልትወልድ ሆስፒታል የሄደችውም በእሷ ነው። አባቴ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ዘንድሮ 76 ዓመቱ። ጉልበቱን ስለሚያመው ታክሲ ሰልፍ ላይ ብዙ መቆም አይችልም። ስለዚህ ቮልሷ ለእሱ የድሮ ትዝታ ብቻ አይደለችም፣ እግሩም ናት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ በወር አንዴ የእድር ስብሰባ፣ የድሮ ባልደረቦቹ ለቅሶ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእናቴ የስኳር ክትትል ቀጠሮ፣ ሁሉም በእሷ ነው።

"ለምን አዲስ አትገዙለትም?" የምትሉ ካላችሁ፣ እስቲ የመኪና ዋጋ ጠይቁና ተመለሱ። ያገለገለ መኪና ላይ ያለውን ታክስ ታውቁታላችሁ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ብዙ ሰው ያለችውን አሮጌ መኪና እንደ ዓይኑ ብሌን መጠበቅ ነው የያዘው። እኛም እንደዚያው ነን።

ችግሩ የጀመረው አምና ከፋሲካ በኋላ ነው። አባቴ ነዳጅ ቀድቶ፣ ከአንድ ወዳጁ ጋር ትንሽ ቆሞ ሲያወራ ቆይቶ ቁልፉን ቢያዞረው ዝም። ልጆች ገፉለት፣ በሁለተኛ ማርሽ ወዲያው ተነሳች። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ፣ በየአሥር ቀኑ ይደጋገም ጀመር። አባቴም በየጋራዡ መዞር ጀመረ።

የመጀመሪያው ጋራዥ "ባትሪ ነው" አለ። አዲስ ባትሪ ተገዛ፤ ዘጠኝ ቀን ሠራች። ሁለተኛው "ሞተሪኖው አልቋል" ብሎ አወረደው፣ ካርቦኑን ቀየረ፣ ጠራርጎ መለሰው፤ ሦስት ሳምንት ሠራች። ሦስተኛው ካንዴላ፣ ፑንቲናና ቦቢና በአንድ ጊዜ ቀየረ፤ አምስት ቀን ሠራች። አራተኛው ደግሞ "ነዳጁ ሞተሩ ላይ እየተነነ ነው" አለና፣ ስትቆም ፖምፓው ላይ ውሃ እንዲያፈስበት መከረው። ከዚያ ጀምሮ አባቴ ከወንበሩ ሥር አንድ ሃይላንድ ውሃ ይዞ መዞር ጀመረ።

የሚገርማችሁ ነገር ውሃው ይሠራ ነበር! ኮፈኑን ይከፍታል፣ ያፈሳል፣ ይጠብቃል፣ ትነሳለች። ለምን እንደሚሠራ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ሐምሌ ላይ እናቴን ከቀጠሮ ሲመልሳት መድኃኒት ሊገዙ አንድ ፋርማሲ በር ላይ አቆሙ። ሰልፍ ነበረ፤ ሲመለሱ መኪናዋ አልነሳ አለች። ዝናቡ ይወርዳል። ውሃውን አፈሰ፣ አልሆነም። መንገዱን ዘግተው ስለነበር ከኋላ ክላክሱ ጮኸ። ኋላ እናቴ ስትነግረን ሳቅም ለቅሶም እየተናነቃት ነበር። በሕይወቷ መሪ ጨብጣ የማታውቀው እናቴ መሪ ይዛ፣ የ76 ዓመቱ አባቴ በዝናብ ከኋላ ሲገፋ። ሁለት የማያውቋቸው ጎረምሶች ሮጠው ደርሰው ነው የተረፉት። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ማን እንደሆኑ እንኳ አላወቅንም።

በዚያ ሳምንት እኛ ልጆች በስልክ ተሰበሰብን። ውሳኔው አጭር ነበር፦ ትሸጥ። ታላቅ ወንድሜ ደላላ አነጋገረ። ለአባቴ ሲነገረው "እናንተ ያላችሁት ይሁን" አለና ቁልፉን ቡፌው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ አልነካውም።

እኔን ያስደነገጠኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። አባቴ ከቤት መውጣት ተወ። እድር ሁለት ጊዜ ቀረ፤ በአርባ ዓመት ውስጥ ቀርቶ የማያውቅ ሰው። አንድ ወዳጁ "ታሟል እንዴ?" ብሎ እኔ ጋ ደወለ። ቤት ስሄድ ጋቢውን ለብሶ ራዲዮ ከፍቶ ተቀምጧል። "ትንሽ አረፍኩ" ይላል። እኔ ነርስ ነኝ፣ በሥራው 19 ዓመት ሆኖኛል። እንዲህ "ትንሽ አረፍኩ" ብለው ተቀምጠው በዚያው የቀሩ ሽማግሌዎች አይቻለሁ። ወንድሜን "ደላላው አንድ ወር ይቆየን" አልኩት።

ስለ መኪና የማውቀው መንዳት ብቻ ነው። መጥቶ የሚሄድ ሕመምን ግን አውቀዋለሁ። በሽተኛው ሲመጣ ትኩሳቱ የለም። ማታ ያንቀጠቅጠው የነበረው ሰው ጠዋት ካርድ ክፍል ሲቆም ጤነኛ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው መድኃኒት ሰጥተህ አትሸኘውም፤ ትጠይቀዋለህ። መቼ ይጀምርሃል? ከምን በኋላ? ስንት ሰዓት ይቆያል? ምን ሲሆን ይተውሃል? ከዚያ አስተኝተህ በየሰዓቱ ለክተህ ትጽፋለህ።

ስለዚህ አባቴን ጠየቅኩት።

"አባዬ፣ አልነሳ ስትልህ ቁልፉን ስታዞረው ምን ትሰማለህ?"

"ምንም።"

"ሞተሩ እንደመዞር፣ እርርርር እንደማለት አይልም?"

"ምንም አልኩሽ እኮ። አንዳንዴ ቀጭ ትላለች፣ ከዚያ ዝም።"

"የፊቱ ቀይ መብራትስ?"

"እሱማ ይበራል።"

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም ከአራቱ ጋራዦች አንዱም ይህን ጥያቄ አልጠየቀውም። "መኪናዬ አልነሳም አለች" ስንል ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን በአንድ ስም እየጠራን ነው። በመጀመሪያው ዓይነት ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይቀበልም። ያኔ ጥርጣሬው ነዳጅና እሳት ላይ ነው፦ ካርቡራተር፣ ፖምፓ፣ ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ቦቢና። በሁለተኛው ዓይነት ሞተሪኖው ራሱ አይዞርም። ያኔ ካንዴላውም ነዳጁም ገና ተራቸው አልደረሰም፤ ጥርጣሬው ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው ባለው መንገድ ላይ ብቻ ነው። የእኛዋ ሁለተኛዋ ናት። ሦስተኛው ጋራዥ የቀያየረው ዕቃ በሙሉ፣ የአራተኛውም የሚተን ነዳጅ፣ ከዚህ ሕመም ጋር ግንኙነት የላቸውም ማለት ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ግማሹን ተጠርጣሪ ነፃ ለቀቀ።

ቀጥሎ ደብተር ገዛሁ። አባቴን "እንደ ድሮው ንዳት፤ እኔ አብሬህ እቀመጣለሁ" አልኩት።

"እንድትታመም ነው የምንለምነው?" አለኝ።

"አዎ፣ እንድትታመም ነው።"

ትንሽ ፈገግ አለ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ከሥራ ውጪ በሆንኩበት ሰዓት ሁሉ ወጣን። ቁልፍ በዞረ ቁጥር እጽፋለሁ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ዝናብ ወይስ ፀሐይ፣ ከመቆሟ በፊት ስንት ደቂቃ ተነዳች፣ ቆማ ስንት ደቂቃ ቆየች፣ ተነሳች ወይስ አልተነሳችም። በ16 ቀን 31 ጊዜ ቁልፉ ዞሮ 7 ጊዜ እምቢ አለች። ማታ ቁጭ ብዬ ሰባቱን ጎን ለጎን ስደረድራቸው ነገሩ ራሱ ተናገረ። ሰባቱም ጊዜ ከ20 ደቂቃ በላይ ተነድታ ነበር። ሰባቱም ጊዜ ቆማ የቆየችው ከ10 እስከ 25 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። አጥፍተን ወዲያው ስናስነሳት አንድም ጊዜ እምቢ አላለችም። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆማም አንድም ጊዜ እምቢ አላለችም። ጠዋት በጭራሽ። ዝናቡ ምንም ለውጥ የለውም።

ነገሩ ሙቀት ነው ማለት ነው። ግን ለምን ወዲያው ስናስነሳት ትነሳለች፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እምቢ ትላለች? ይህን ያስረዳኝ ኋላ የምነግራችሁ ኤሌትሪሺያን ነው። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ አየሩን የሚነፋው ማራገቢያ ደግሞ በቺንጊያ የሚዞረው በራሱ በሞተሩ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ማራገቢያውም ይቆማል። በዚያን ሰዓት በብረቱ ውስጥ ያለው ሙቀት መሄጃ ስለሌለው ወደ ጎረቤቶቹ ይሰራጫል። ሞተሪኖው እዚያው ጥጉ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ሞተሪኖው ከሁሉ በላይ የሚግለው መኪናዋ ስትሄድ ሳይሆን ከቆመች ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ ይበርዳል።

አሁን ያለፉትን ወራት ወደ ኋላ ሄዳችሁ እዩዋቸው። ጋራዥ ስትደርስ ሁልጊዜ የምትድነው ለምንድን ነው? ተገፍታ፣ ተራ ጠብቃ፣ መካኒኩ ቡናውን ጠጥቶ እስኪመጣ ቀዝቅዛ ስለሆነ ነው። ውሃው ለምን ሠራ? ኮፈን ከፍቶ፣ አፍስሶ፣ ጠብቆ፣ ዘግቶ እስኪገባ አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ያልፋል። ያስነሷት ደቂቃዎቹ ናቸው፣ ውሃው ምስጋናውን ወሰደ። ፋርማሲው በር ላይ ዝናብ ላይ ለመቆም ስላልቻለ ቶሎ ሞከራት፣ እምቢ አለች። እያንዳንዱ ጥገናስ ለምን ለጥቂት ቀን ሠራ? አባቴ ከጋራዥ ባወጣት ቁጥር ለጥቂት ቀን ፈርቶ ሩቅ አይሄድም፤ ከሰፈር ሱቅ እስከ ቤት ብቻ ስለሆነ አትሞቅም። ወጥቶ ሄዶ የሚመጣ ችግር ላይ ማንኛውም ጥገና ለሦስት ቀን ይሠራል። መካኒኮቹ ሌቦች ናቸው ማለቴ አይደለም። እነሱም ከልባቸው "ዳነች" ብለው ነው የሸኙት።

ደብተሩን ይዤ ሳሪስ አካባቢ የከባድ መኪና ኤሌክትሪክ የሚሠሩ አንድ ሰው ጋ ሄድኩ። ከእኛ ሆስፒታል የጥገና ክፍል ያለ ልጅ ነው የጠቆመኝ። ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ደብተሩን ገጽ በገጽ አነበቡት። ከዚያ መኪናዋን ሳይነኩ "አሁን ጤነኛ ናት። ጤነኛ ሆና ብፈትሻት ምንም አላገኝም፤ ገንዘባችሁን ብቻ ነው የምበላው" አሉኝ። "ቅዳሜ አምጧትና እዚህ በሬ ላይ እናሳምማታለን።"

ቅዳሜ ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ ነድተን ተመለስን፤ በሩ ላይ አቁመን አጠፋናት። ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ። ሻይ አዘዙልን። አሥራ አምስት ደቂቃ ሲሞላ "አባባ፣ እስቲ ቁልፉን ያዙሩት" አሉ። አባቴ አዞረው። ቀጭ። ዝም።

"እሰይ!" አሉ ጋሼ ጮክ ብለው። መንገደኛው ዞሮ አየን፤ መኪናው እምቢ ሲለው እሰይ የሚል ሰው ምን ዓይነት ነው ብሎ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ መልቲሜትራቸውን አወጡ። ማርሹ ባዶ፣ የእጅ ፍሬኑ ተስቦ፣ ጎማው በድንጋይ ታኮ፣ አባቴ ቁልፍ ላይ፣ እኔ ደግሞ ቁጥር ጸሐፊ። ልኬቱን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ ለማንኛውም አሮጌ መኪና ይጠቅማል።

መጀመሪያ ባትሪው። በቮልስ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። 12.5 ቮልት አለው፤ ጥሩ ነው። ዋናው ነገር ግን ቁልፉ ሲዞር የሚሆነው ነው። የደከመ ባትሪ ቢሆን ቁልፉ ሲዞር ቁጥሩ ወደ ታች ይወድቃል። የእኛው ንቅንቅ አላለም። "ባትሪው አልደከመም፤ ማንም ሥራ አላዘዘውም" አሉ።

ሁለተኛ ማሳ የሚሉት፣ ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት አድርጎ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ። የቮልስ ሞተርና ማርሽ ሳጥን በጎማ ላይ ነው የተቀመጡት፤ ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ማርሽ ሳጥኑን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኝ አንድ የተጠለፈ የመዳብ ሽቦ አለ። እሱ ከዛገ ወይም ከላላ ልክ እንደኛዋ ያለ ሕመም ያመጣል። ቁልፉ ዞሮ ሳለ ከባትሪው ነጌቲቭ እስከ ሞተሪኖው ገላ ለኩ፤ ከአንድ አሥረኛ ቮልት አይበልጥም። እሱም ነፃ ወጣ።

ሦስተኛ ቀጭኗ ሽቦ። ሞተሪኖው ላይ እንደ ጉብታ የተለጠፈ ሶሌኖይድ የሚሉት ነገር አለ። ከቁልፉ ትእዛዝ ሲደርሰው ውስጡ ያለው ማግኔት ይስብና ትልቁን የባትሪ ኤሌክትሪክ ለሞተሪኖው ይከፍታል። ትእዛዙ የሚመጣባት ቀጭን ሽቦ ላይ 50 የሚል ቁጥር አለ። ጋሼ እዚያ ላይ አስነክተው "ያዙሩት አባባ" አሉ። 7.3 ቮልት። ባትሪው ጋ 12.5 ያለው፣ እዚህ ሲደርስ 7.3።

"አገኘሁሽ" አሉ። ለማረጋገጥ ያህል ትልቁን የባትሪ ቡሎንና ያቺን ቀጭን ሽቦ በአጭር ሽቦ ለቅጽበት አገናኟቸው። ሞተሪኖው ጮኸ፤ ቮልሷ ተነሳች። "ሞተሪኖው አልቋል" ተብሎ የተከፈለበት ሞተሪኖ ማለት ነው። (ይህን የመጨረሻውን እናንተ አትሞክሩት። መኪናው ማርሽ ውስጥ ከሆነ ሰው ላይ ይወጣል።)

አምስት ቮልቱ የት ጠፋ? እሱን ደግሞ መንገዱን ስታዩት ይገባችኋል። የባትሪው ኤሌክትሪክ ከኋላ ተነስቶ እስከ ፊት ዳሽቦርድ ይሄዳል፣ በመብራት ማብሪያው በኩል ያልፋል፣ ወደ ቁልፉ ቤት ይገባል፣ ከዚያ እንደገና እስከ ኋላ ተመልሶ ሞተሪኖው ጋ ይደርሳል። በመንገዱ ላይ ያለው መገጣጠሚያ ሁሉ ሃምሳ ዓመት የሆነው ነው። አንዱ ጥቂት ይቀንሳል፣ ሌላው ጥቂት ይጨምርበታል። ጋሼ ወደ ኋላ እየሄዱ በየመገጣጠሚያው ሲለኩ ከጠፋው ግማሽ ያህሉ የጠፋው ቁልፉ ቤት ላይ ሆኖ ተገኘ። ሶኬቱን ሲነቅሉት ፕላስቲኩ በሙቀት ቡናማ ሆኗል።

"ግን እኮ ሁለተኛው መካኒክ አምፖል አስነክቶ፣ 'ኤሌክትሪክ ይደርሳል' ብሎ አሳይቶኛል" አለ አባቴ።

"ትክክል ነው፣ ይደርሳል" አሉ ጋሼ። "ቧንቧው ውስጥ ውሃ አለ ማለት ግን ባልዲ ይሞላል ማለት አይደለም።" አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለም። ትንሽ አምፖል የምትፈልገው ጠብታ ነው፣ በጠብታው ትበራለች። ሶሌኖይዱ ግን ለመሳብ ብዙ ይፈልጋል። ስለዚህ ሽቦ የሚለካው ሸክሙን ተሸክሞ ሳለ ነው።

ሙቀቱስ? መዳብ ሲግል ኤሌክትሪክ ለማሳለፍ ይከብደዋል፤ በየ10 ዲግሪው 4 በመቶ ያህል። ሶሌኖይዱ ውስጥ የተጠቀለለው ሽቦ መዳብ ነው። ጠዋት ሲቀዘቅዝ በዚያችው ደካማ ጉልበት እንደምንም ይስባል። ሲግል ግን ትንሿ የጎደለችው ነገር መስመሩን ታሳልፈዋለች፤ ቀጭ ይልና ይተወዋል።

ጋሼ ይህን ሲያስረዱኝ አንድ ነገር ገባኝ። እኛ ስምንት ወር ሙሉ "አንዳንዴ የሚመጣ ችግር" ስንል የከረምነው ችግር አንዳንዴ የሚመጣ አልነበረም። ጠዋት ተፈንጥራ ስትነሳም እዚያው ነበር። ጋራዥ ቆማ "ምንም የላትም" ስትባልም እዚያው ነበር። ሙቀቱ ገለጠው እንጂ አላመጣውም። ስለዚህ እንዲህ ላለ ነገር ጥያቄው "ምን ተበላሸ?" ብቻ ሳይሆን "ምን ሲጨመርበት ነው የሚታየው?" ነው። ያንን ካገኘህ እንደፈለግክ ትጠራዋለህ፤ ከጠራኸው ደግሞ ትለካዋለህ።

መፍትሔው የቆየና በብዙ ቮልሶች ላይ የተሠራ ነው፦ ሬሌ። ከሞተሪኖው አጠገብ አንዲት ባለ አራት እግር ሬሌ ተገጠመች። 30 የሚለው እግር በፊውዝ አድርጎ ከባትሪው መስመር፣ 87 ወደ ሶሌኖይዱ፣ 86 ከቁልፉ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ፣ 85 ማሳ። አሁን ቁልፉ ሸክም አይሸከምም፤ ሬሌዋን ብቻ ያዛታል፣ ለዚያ ጠብታ ትበቃለች። ትልቁ ኤሌክትሪክ ከባትሪው በአጭር መንገድ ይደርሳል። የተቃጠለውን የቁልፍ ቤት ሶኬት መርካቶ ሶማሌ ተራ አግኝተን ቀየርን። የማሳውን ሽቦ ደግሞ ምንም እንኳ ነፃ ቢወጣም ፈትተው በብርጭቆ ወረቀት ጠርገው አሰሩት። ለዕቃውም ለእጅም የከፈልነው ለባትሪው ከከፈልነው አንድ አምስተኛ አይሞላም።

በመሃል አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ተገኘ። አዲሱ ባትሪ ከድሮው ከፍ ያለ ስለሆነ ክዳኑ አልገጥም ብሎ ሳይከደን ቀርቷል። በቮልስ የኋላ ወንበር ሥር የብረት ሞላ አለ፤ ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥ ሞላው ወርዶ የባትሪውን ሁለት ጫፎች ከነካ ብልጭታ ይፈጥራል፣ የወንበሩ ጭድ መሳይ ሙሌት ደግሞ ለእሳት ቅርብ ነው። ልጆቼ እሑድ እሑድ የሚቀመጡት እዚያ ወንበር ላይ ነው። ጋሼ ወፍራም የጎማ ንጣፍ ቆርጠው ከደኑት፣ ባትሪውንም እንዳይንቀሳቀስ አሰሩት። ቮልስ ያላችሁ ዛሬውኑ ወንበራችሁን አንሱና እዩ። ይህን ብቻ አንብባችሁ ብትተዉትም ደስ ይለኛል።

ከዚያ በፊት ከነበሩት ጥገናዎች የሚለየው ቀጥሎ ያደረግነው ነው። "ዳነች" ብለን አልሄድንም። እንደገና ቃሊቲ ደርሰን ተመለስን፣ አጠፋናት፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ጠበቅን። ተነሳች። በማግስቱ ደገምን፣ በሦስተኛውም ቀን። ሁልጊዜ እምቢ በምትልበት ሁኔታ ውስጥ ሦስት ጊዜ ስትነሳ ነው ያመንነው። ይኸው አምስት ወር አለፈ፤ አንድም ቀን እምቢ አላለችም።

ለአሮጌ መኪና ባለቤቶች ያጠራቀምኩትን ላካፍላችሁ፦

1. መካኒክ ጋ ስትሄዱ "አልነሳም አለች" አትበሉ። ሞተሪኖው ይዞራል ወይስ አይዞርም? የዳሽቦርዱ መብራት ቁልፉ ሲዞር ይደበዝዛል ወይስ እንዳለ ነው? ይህን ንገሩት። እየተበላሸች በስልካችሁ ድምፁን ብትቀዱት ደግሞ የበለጠ ነው።

2. ደብተር ያዙ። ስንት ደቂቃ ተነዳች፣ ስንት ደቂቃ ቆመች፣ የአየሩ ሁኔታ። የተነሳችበትንም ጻፉ፤ መልሱ ያለው በሁለቱ መካከል ነው።

3. በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር። ሦስት ዕቃ አብሮ ከተቀየረ፣ ብትድን እንኳ ምን እንዳዳናት አታውቁም።

4. ሳይለካ ዕቃ ግዙ የሚላችሁን "ምን አይተህ ነው?" በሉት። በትህትና። መልስ ካለው ይነግራችኋል።

5. ስትሠራ ስላያችኋት ብቻ አትመኑ። ድሮ እምቢ ትልበት የነበረውን ሁኔታ ፍጠሩና እዚያ ላይ ፈትኗት።

አባቴ እድር ተመልሶ ሄደ፤ ለቀረባቸው ሁለት ስብሰባዎች ቅጣቱን ከፍሎ። ቅጣት እንዲያ ደስ ብሎት የከፈለ ሰው አይቼ አላውቅም። የእናቴን ቀጠሮ እንደ ድሮው እሱ ነው የሚያመላልሳት፣ በመንገድም ፋርማሲ በር ላይ እስከፈለጉት ይቆማሉ። ደላላው ባለፈው ሲደውል ስልኩን ራሱ አንስቶ "የሚሸጥ መኪና የለንም ልጄ" ሲለው ሰማሁት።

መኪናዋ ያው አሮጌ ናት፤ ባለፈው ሳምንት ደግሞ የፍሪሲዮኑ ገመድ ተበጠሰ። ግን ደስ ይላል፣ የተበጠሰ ገመድ ሁልጊዜም የተበጠሰ ነው። እናንተስ መጥቶ የሚሄድ ምን ገጥሟችኋል? ጻፉልኝ፣ ለጋሼ አሳያቸዋለሁ።